ፖይንት ጋርዳችን 4ኛው ኳርተር ላይ ለምን ክፍት በር ይሆናል?

ማርቆስ_12
ሰላም ጓዶች። ደብረ ማርቆስ የሰፈር የቅርጫት ኳስ ቡድን አለን። 8 ነን፤ ስምንተኛው ፈተና ካለበት አይመጣም። አሠልጣኝ የለንም። በዕድሜ ስለምበልጥ ብቻ ከዳር ሆኜ የምጮኸው እኔ ነኝ።

የቸገረኝ ፖይንት ጋርዳችን ነው። ልጁ ኳስ ይችላል። ከራሳችን ቅርጫት ሥር ተቀብሎ የሚያወጣው እሱ ነው። ስክሪን ጠርቶ (ጓደኛው ቆሞ በገላው ተከላካዩን ሲዘጋለት) ሰብሮ ይገባል፤ ካልሆነለት ጥግ ላለው ያቀብላል። በእሱ እጅ ሳያልፍ የምናገባው ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። መከላከል ላይ ግን፣ በተለይ 4ኛው ኳርተር (የመጨረሻው ሩብ) ሲደርስ፣ ማንም እንደፈለገ ያልፈዋል። ባለፈው ዓርብ የተጋጣሚያችን ጋርድ በዚያችው በአንድ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አለፈውና ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ሌይአፕ አገባ። በ4 ነጥብ ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ ሰው ፊት «ሰነፍ!» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። ማታ ሳስበው ቅር አለኝ። እውነት ሰነፍ ሆኖ ነው? ወይስ ማጥቃቱን በሙሉ እሱ ጫንቃ ላይ ስለጣልነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የጣና_ዳር
ሰው ፊት መሳደብህን ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ልጁ ግን ብቻውን አይደለም። የ2024ቱን የኤንቢኤ (የአሜሪካኖቹ ሊግ) ፍጻሜ፣ ቦስተን ከዳላስ፣ ያየ ያውቀዋል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ባሕር ዳር ሆኜ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል እየተነሳሁ ነው ያየሁት። ሥራ ቦታ ያንቀላፋሁትን ቤት ይቁጠረው። ሉካ ዶንቺች በዚያ ዓመት በአማካይ 33.9 ነጥብና 9.8 አሲስት (ሌላው እንዲያገባ ማቀበል) ነበረው። የዳላስ ማጥቃት ማለት እሱ ነበር። ቦስተኖች ታዲያ ተራቸው ሲደርስ እሱኑ ነው የሚፈልጉት። ሉካ የሚጠብቀውን ልጅ ስክሪን እንዲሠራ ይጠሩታል። ሉካ ኳስ ከያዘው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቅርጫት። 3ኛው ጨዋታ ላይ 4 ደቂቃ ገደማ ሲቀር 6ኛ ፋውሉን ሠርቶ ወጣ። ፍጻሜውን ቦስተን 4 ለ 1 ወሰደው።

እንዲህ እየፈለጉ የሚያጠቁት ስለደከመ ብቻ አይደለም። ይበልጥ እንዲደክምም ነው። መከላከል ላይ ያስሮጡትና ኳሱን ሲይዝ ሹቱ ያጥርበታል። የእናንተም ተጋጣሚ ይህን አስቦበት ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ዳንግላ_ሴንተር
ሰበብ! የፊላዴልፊያው አለን አይቨርሰን በ2000/01 በአማካይ 31.1 ነጥብ እያገባ በየጨዋታው 2.5 ኳስ ይነጥቅ ነበር። ለዚያውም 42 ደቂቃ እየተጫወተ፣ ለዚያውም በዚያ ቁመቱ። ጋሪ ፔይተንስ? ፖይንት ጋርድ ሆኖ በ1996 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የተባለው? ልብ ያለው ይጫወታል። ልብ የሌለው ኢንተርኔት ላይ ጠበቃ ይቆምለታል።

የጣና_ዳር
@ዳንግላ_ሴንተር ምሳሌዎችህ ለእኔ ነው የሚመሰክሩት።

አይቨርሰን ኳስ ይነጥቅ ነበር፤ እውነት ነው። ኳስ መንጠቅና ሰው መጠበቅ ግን ይለያያል። የፓስ መስመር ላይ አድፍጦ ዘሎ መያዝ ቁማር ነው። ቁማሩ ሲከሽፍ ከኋላ የሚሸፍን ሰው ያስፈልጋል። ፊላዴልፊያ ይህን አውቆ ነው ቡድኑን የሠራው። አጠገቡ ኤሪክ ስኖውን አቆመ። ጠንካራውን ጋርድ ስኖው ይይዛል፤ አይቨርሰን ቀለል ያለውን። አሮን መኪም ነበረ። ከኋላ ደግሞ በዚያው ዓመት መሀል የመጣው ዲኬምቤ ሙቶምቦ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። አራት ሰው መከላከሉን ስለተሸከመለት ነው ማጥቃቱን ብቻውን የተሸከመው።

ወደ ፔይተን ስንመጣ ደግሞ 1996 ፍጻሜ ላይ የሆነውን አስታውስ። ሲያትል ከቺካጎ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ማይክል ጆርዳንን በዋናነት የያዙት ሌሎች ነበሩ። ፔይተን ባቱን ታሞ ነበር፤ በዚያ ላይ የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው እሱ ነው። ጆርዳን 28፣ 29፣ 36 አገባ። ከ4ኛው ጨዋታ ጀምሮ ፔይተን ያዘው። ጆርዳን 23፣ 26፣ 22። ሲያትል ሁለቱን አሸነፈ፣ ግን ዘግይቶ ነበር፤ ቺካጎ 4 ለ 2 ወሰደው። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ እንኳ ጉልበቱ በቁጠባ ነበር የሚወጣው።

ዳንግላ_ሴንተር
እሺ ስኖውን ረስቼዋለሁ። ልብ ግን ልብ ነው።

ጡረተኛው_ስፖርት
ልጆች፣ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ስፖርት ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁት። የአሜሪካኖቹን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ስለ እግር ልናገር።

አማርኛ «ጉልበት» የሚለውን ቃል ለመገጣጠሚያውም ለኃይሉም የሰጠው በከንቱ አይደለም። ሰው የሚጠበቀው ጉልበት ታጥፎ ነው። ዳሌ ዝቅ፣ ደረት ቀና፣ እግር ሳይጣመር ወደ ጎን መንሸራተት። ልጅ ሲደክም መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጉልበቱን ያቃናል። አሁንም ሰውየው ፊት ቆሟል፣ እጁንም ዘርግቷል፤ ከዳር ለሚያይ የሚጠብቅ ይመስላል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ግን ወደ ጎን ለመነሳት መጀመሪያ መታጠፍ አለበት። በዚያች ቅጽበት ታልፏል። ተመልካች «ሰነፍ» ይላል። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኳስ እየነዱ መውጣት ደግሞ ባዶ እጅ እንደመሮጥ አይደለም። ሜዳው 28 ሜትር ነው። ኳሱን በ8 ሴኮንድ ውስጥ መሀል መስመሩን ማሻገር አለበት፤ ያውም አንድ ሰው እያጨነቀው፣ ወደ ጎን እየተቆረጠ፣ ኳሱን በገላው እየከለለ። ሌሎቹ አራቱ በዚያ ሰዓት ቀጥ ብለው ሮጠው ቦታቸውን ይይዛሉ። በ40 ደቂቃ ይህን አባዙት።

አገራችንም ደጋ ነው። አሜሪካኖች አየሯ ስስ ነው የሚሏት ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ነው። ማርቆስ 2,400 ገደማ። ተወልዳችሁበት ለምዳችሁታል። መልመድ ግን አየሩን አያወፍረውም። ሩጫ በሩጫ ሲደራረብ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። ገበሬ እንኳ ፀሐይ ሲከር በሬውን ከቀንበር ይፈታል።

እንጅባራ_ብርድ
ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። እዚህ መድረክ ላይ እንዳሉ አላውቅም ነበር።

ዞን ቢጫወቱስ ግን፣ ሰው ሳይሆን ቦታ ቢጠብቁ? 2-3 ቢቆሙ፣ ሁለት ከፊት ሦስት ከኋላ፣ አይገላግለውም?

ማርቆስ_12
ሞክረነዋል። ኳሱ ከግራ ቀኝ ሲመላለስ ከፊት ያሉት ሁለቱ ናቸው የሚሮጡት። ከኋላ ሳቆመው ደግሞ ትልልቆቹ ለሪባውንድ (ስቶ ለተመለሰ ኳስ) ላዩ ላይ ወጡበት። ልጁ ቀጭን ነው።

ቁጥር_ወዳጅ
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ ግን ቁጥሩ ላይ ጥንቃቄ ላስገባ።

ዩሴጅ ሬት የሚባል ነገር አለ። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ እያለ ከቡድኑ የማጥቃት ዕድሎች ስንቱ በእሱ ሹት፣ በእሱ ነጻ ምት ወይም በእሱ የኳስ ብክነት አለቀ የሚለውን ይቆጥራል። አምስት ሰው እኩል ቢካፈል 20 በመቶ ይደርሳቸዋል። ራስል ዌስትብሩክ በ2016/17 ከ41 በመቶ በላይ ነበር። ጄምስ ሃርደንም በ2018/19፣ 36.1 ነጥብ ባገባበት ዓመት፣ ከ40 አልፏል።

ችግሩ ይህ ቁጥር አሲስትን አይቆጥርም። ኳሱን ስንት ሴኮንድ ይዞ ቆየ፣ ስንት ጊዜ ነድቶ ወጣ፣ አይልም። ፖይንት ጋርድ 18 ሴኮንድ ደክሞ አቀብሎ ሌላው ቢያገባ ዩሴጁ የሌላው ነው። ስለዚህ በወረቀት ቀላል የሚመስል ሸክም እግር ላይ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ብዙ የሚያጠቃ ጋርድ መከላከል ላይ ደካማ ሆኖ ስታዩ «ማጥቃቱ ነው ያደከመው» ለማለት አትቸኩሉ። ፖይንት ጋርዱን ትሬይ ያንግን ውሰዱ። 2021/22 ላይ በጠቅላላ ነጥብም በጠቅላላ አሲስትም ሊጉን መርቷል። መከላከሉ ሲተች ነው የኖረው። ግን ሰውየው 1.85 አካባቢ ነው፣ ክብደትም የለው። ቤንች ላይ ቀኑን ሙሉ አርፎ ቢገባም 2 ሜትር ሰው ከላዩ ላይ ይመታል። ድካሙን ከቁመቱ ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

ቁጥሩ በተቃራኒውም ይዋሻል። አሠልጣኝ ኮከቡን ለማሳረፍ ደካማውን ተጋጣሚ ይሰጠዋል። ደካማው ደግሞ ብዙ ስለማያገባ የኮከቡ መከላከል በወረቀት ያምራል። ማርቆስ_12፣ የአንተን ልጅ ለመመርመር ቀላሉ መንገድ እሱን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ቁመቱ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ኳርተር አይቀየርም። መጀመሪያ ላይ የሚጠብቀውን መጨረሻ ላይ ካልጠበቀ ድካም ነው። ከመጀመሪያውም ካልጠበቀ ሌላ ነገር ነው።

ማርቆስ_12
1ኛው ኳርተር ላይ ያንኑ ልጅ አንዴም አላሳለፈውም። አሁን ገና ነው የማስበው።

ሞጣዊት
እኔ ፖይንት ጋርድ ነኝ፣ ሴቶች ቡድን። ወንዶቹ ብዙ አወራችሁ፤ ከውስጥ ያለውን ልንገራችሁ።

ሰው ማረፍ አለበት። የትም ካላሳረፋችሁት የሚያርፍበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። የሚመርጠው ደግሞ መከላከልን ነው። ለምን መሰላችሁ? ኳስ ካበላሸሁ ሜዳው በሙሉ ያየኛል። የምጠብቃት ካለፈችኝ ግን ጥፋቱ ለእርዳታ ዘግይታ በመጣችው ሴንተር (ቅርጫት ሥር የምትቆመው ረጅሟ) ላይ ይወድቃል። ነውር ነው፣ ግን እውነት ነው። በተለይ ኳሱ በሌላኛው ዳር ሲሆን፣ የእኔ ሰው ጥግ ላይ ቆማ፣ እዚያ ነው ትንፋሼን የምሰበስበው። ዓይኔ ኳሱ ላይ ይቀራል፤ እሷ ከኋላዬ ሾልካ ትገባለች።

ሁለተኛው ፋውል ነው። እኛ የምንጫወተው በ5 ፋውል ነው፤ እንደ ኤንቢኤ 6 አይደለም። 3 ከያዝኩ በኋላ አሠልጣኟ «አደራ፣ አንቺ ከወጣሽ ማን ኳስ ያወጣል?» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ እጄን አልዘረጋም። ሰው ሲያልፈኝ ደክሞኝ ይመስላችኋል። አልደከመኝም፤ ታዝዤ ነው።

ሦስተኛው ማንም ያላነሳው ነው። ሰብሬ ገብቼ ሹቱ ሲከሽፍ የት ነው ያለሁት? የእነሱ ቅርጫት ሥር፣ መሬት ላይ። እነሱ ሪባውንድ ይዘው ሮጠዋል። ለፋስት ብሬክ (ለፈጣን መልሶ ማጥቃት) ወደ ኋላ መመለስ ያለበት ጋርድ ነው ይባላል። ጋርዷ እኮ ወድቃለች! ብዙ በገባሁ ቁጥር ከኋላ በሩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ይህ የሳንባ ጉዳይ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲመለስ አስቀድሞ መነጋገር ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ። ዓርብ የተጫወታችሁት ጾም ላይ አልነበረም? እኔ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ 10 ሰዓት ላይ ስጫወት ሦስተኛው ኳርተር ላይ ሜዳው ይረዝምብኛል።

ማርቆስ_12
ነበር። ልጁ ደግሞ ይጾማል፣ ያውም አጥብቆ። እኔ ቁርስ በልቼ ነበር የጮኽኩበት። ይቺን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።

ጡረተኛው_ስፖርት
ሞጣዊት፣ ተባረኪ። የፋውሉን ነገር እኔ አላነሳሁትም ነበር።

የጣና_ዳር
መፍትሔ እንነጋገር በቃ። እኔ የማምነው በአንድ ነገር ነው፦ ሁለተኛ ኳስ አውጪ። ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ብለዋል። ኳሱን ከራስ ቅርጫት እስከ መሀል ሌላ ሰው ቢያመጣና ልጁ መሀል ላይ ቢቀበል፣ የሚቀርለት ሩጫ ቀላል አይደለም። በየተራው መሆን የለበትም፤ ከሦስት አንዴ እንኳ ይበቃል።

2025 ላይ ኢንዲያና ኒው ዮርክን ሲገጥም የኒው ዮርኩን ፖይንት ጋርድ ጄለን ብራንሰንን ከራሱ ቅርጫት ሥር ጀምረው ነበር የሚያጨንቁት። ባይነጥቁትም ደስ ይላቸዋል፤ እያደከሙት ነው። በሌላው በኩል ደግሞ እሱ የሚጠብቀውን እየፈለጉ ያጠቃሉ። 4 ለ 2 አሸነፉ።

ያንኑ ኢንዲያናን በፍጻሜው 4 ለ 3 ያሸነፈው ኦክላሆማ ግን ሌላ ነው። ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በዚያ ዓመት 32.7 ነጥብ እያገባ መከላከሉም ጥሩ ነበር። ግን አስቸጋሪውን ጋርድ ሉ ዶርት ይይዘዋል፣ ኬሰን ዋላስ ይይዘዋል፣ አሌክስ ካሩሶ ይይዘዋል። ሼይ በረጅም እጁ መስመር ላይ ይጠብቃል። እንደ አይቨርሰን ነው፣ ግን ቁመት ተጨምሮበት።

ዳንግላ_ሴንተር
እኛ ዶርትን ከየት እናምጣ? ዳንግላ ገበያ ላይ አይሸጥም።

የጣና_ዳር
ዶርት አያስፈልግም። ኳስ የማይችል ግን መሮጥ የሚወድ አንድ ልጅ በየሰፈሩ አለ። እሱን ተጋጣሚው ጋርድ ላይ ልቀቀው። ፖይንት ጋርድህ የእነሱን ሰነፍ ሹተር ይያዝ።

ኳስ_አመላላሽ
አያ፣ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነው ሊንኩን የላከልኝ። አንተ እንደሆንክ «በ4 ነጥብ» ስትል ነው ያወቅኩት።

አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜ ነበር፣ አሁን ግን የለም።

ደክሞኝ ነበር፤ እውነት ነው። ጾሙም አለ። ጋሼ ጉልበት ያቃናል ያሉት እኔኑ ያዩኝ ነው የመሰለኝ። ግን ያን ሦስት ጊዜ ያለፈኝን ቪዲዮው ላይ እዩት፤ ወንድሜ በስልክ ቀርጾታል። ሦስቱም ጊዜ ስክሪን ነበር። ከጀርባዬ የሚመጣውን ትልቁን ሰውዬ እኔ አላየውም፤ ዓይኔ ኳሱ ያለበት ሰው ላይ ነው። ሊያየው የሚችለው የእኛ ሴንተር ነው። መጀመሪያ ላይ «ስክሪን በግራ!» ይለኝ ነበር። 4ኛው ኳርተር ላይ እሱም ደክሞት አፉን ዘጋ። በትከሻዬ ግንብ እንደመታሁ ነው የቆጠርኩት። ትኩስ ብሆን ሳልነገርም ተጠማዝዤ አልፈው ነበር ይሆናል። ደክሜ ግን መሰማት አለብኝ፤ አስቀድሜ ካልሰማሁ አልደርስበትም።

ኳሱን ሌላ ሰው ያውጣ የተባለው ደስ ብሎኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ኳስ ለመስጠት እኔም እሳሳለሁ። ስሰጥ የሚበላሽ ይመስለኛል። ይህን አንተ ከምትጮህብኝ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

ሞጣዊት
ለኳስ እንደምትሳሳ ስላመንክ ተርፈሃል። እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዳንግላ_ሴንተር
ሴንተሩ ዝም አለ? ሴንተር ሆኜ አፍሬያለሁ። ለሴንተራችሁ ንገሩልኝ፣ እግሩ ቢደክም ምላሱ አይደክምም። ስለ ልብ ያልኩትንም ለልጁ አንስቻለሁ።

ማርቆስ_12
ወንድሜ፣ ሰው ፊት ስላልኩህ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቪዲዮውን አየሁት። ሦስቱም ስክሪን ነው። ሴንተራችንም አይቶት አንገቱን ደፋ።

ማርቆስ_12
የዚህን ዓርብ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ጋርዳችን ከሦስት አንዴ ኳስ አወጣ። ሁለት ጊዜ ተነጠቀ፣ አንዴ መስመር ረገጠ። ልጁ ፊቱን አዞረ፣ ግን ኳሱን መልሶ አልቀማውም። 3ኛው ኳርተር ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ቤንች አስቀመጥኩት። በዚያች ሁለት ደቂቃ 6 ነጥብ ተቆጠረብን፤ ላብ አጠመቀኝ። 4ኛው ላይ ግን ተጋጣሚው ጋርድ በቀኝ ሞከረ፣ አላለፈም። በግራ ሞከረ፣ ሴንተራችን ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸ፣ አላለፈም።

በ1 ነጥብ ተሸነፍን። መጨረሻዋን ሹት የሳተው እሱ ነው። ከጨዋታ በኋላ ሻይ ጋበዝኩት፤ የጾም ስለሆነ በዳቦ።

ኳስ_አመላላሽ
ሹቷ ፋውል ነበረች ግን።

ቁጥር_ወዳጅ
ቪዲዮ ላክ።